ሙሉ ታንክ ቤንዚን

ጋሽ ፍረዝጊ መንገድ ላይ ቤንዚን አይገዛም። ይህን ሚኒያፖሊስ ፊሊፕስ ሰፈር ያለውም፣ ብሩክሊን ሴንተር ያለውም ሐበሻ ሁሉ ያውቃል። ሰውየው በወጣትነቱ የአሰብን መንገድ በባለ ተሳቢ ሲመላለስ የኖረ ነው፤ የትኛው ዳገት ስንት ሊትር እንደሚጠጣ ዛሬም ከእንቅልፉ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁት ይነግራችኋል። ሚኒያፖሊስ መጥቶ አሥራ ስምንት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነዳ። ጡረታ ሲወጣ እኩዮቹ ቤታቸውን ሲያድሱ እሱ ያጠራቀማትን አራግፎ አንድ ያረጀ ሞተርሆም ገዛ፤ አልጋ ያለው፣ ምድጃ ያለው፣ ሽንት ቤት ሳይቀር ያለው። ሰፈርተኛው «ቪላው» ብሎ ስም አወጣለት። «ለመሆኑ ይሄ ነገር ቤት ነው መኪና?» ሲሉት፣ «ቤት ነው፤ ግን ይጠማዋል» ይላል።

ጥማቱን ደግሞ እንደሱ የሚያውቅ የለም። ታንኩ ሃምሳ አምስት ጋሎን ይይዛል። በአንድ ጋሎን ስምንት ማይል ይሄዳል፤ ነፋሱ ከፊት ከመጣ ሰባት። ሲሞላ አራት መቶ አርባ ማይል ያስኬዳል ማለት ነው። ብሩክሊን ሴንተር ቤቱ አጠገብ፣ ከሀይዌዩ በጋሎን አሥራ ሁለት ሳንቲም የምትረክስ ማደያ አለችው፤ ከሷ ጢም አድርጎ ይሞላና ይወጣል፣ ደርሶ እስኪመለስ ጠብታ አይጨምርም። የነዳጁን መርፌ እንኳ አያይም። ልጆች ሊያሾፉበት ሲፈልጉ «ጋሽ ፍረዝጊ፣ ታንኩ ስንት ይዟል?» ይሉታል። ዞር ሳይል «ሠላሳ አንድ ተኩል» ይላል። ልክ ነው። ሁልጊዜ ልክ ነው።

ፀዳለ ደግሞ የታወቀችው በሌላ ነው፤ በመርዶ። ሴንት ፖል የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የነርስ ረዳት ናት፤ ግፊት መለካት፣ ራሱን የሳተ ሰው መያዝ ትችላለች። መጀመሪያ የሚጠሯት ለዚህ ነበር። እየቆየ ግን የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ቀጀላ እንኳ እሷን ሳያማክር ለመርዶ አይነሳም። የሷ ነገር ሥርዓት አለው። መርዶ ማታ አይነገርም፣ ጎህ ሲቀድ ነው፤ ይሄ የአባቶች ነው። ባለመርዶው ስልክ አጠገብ አይደርስም፤ ይሄም የታወቀ ነው። «ሥራ አታስፈቱት» ትላለች ደግሞ። «እጁ ሥራ የያዘ ሰው አይጠረጥርም።» አንዷ ግን ከማንም ያልወረሰቻት የራሷ ናት፦ ከቤተሰቡ የተረፈው ሰው በሩ ላይ ብቻውን ይቆማል። ባለመርዶው ገና ከመኪና ሳይወርድ ያየዋል፤ ማን እንዳለ አይቶ ማን እንደሌለ ያውቃል። ሰውን «ማን?» ብሎ እንዲጠይቅ ከማድረግ የባሰ ጭካኔ የለም ባይ ናት። በስድስት ዓመት አሥራ አራት ቤት እንዲህ አርድታለች፤ አንድም ሰው ቀድሞ ነቅቶባት አያውቅም።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ዘጠና ሰባት፣ በጁላይ ነው። ጋሽ ፍረዝጊና ሚስቱ ትብለጽ «ነይ ባክሽ፣ ትንሽ አየር ትቀይሪያለሽ» ብለው ፀዳለን ለሦስት ቀን ወደ ዱሉዝ፣ በስተሰሜን ሐይቅ ዳር ወዳለችው ከተማ፣ ይዘዋት ወጡ። ዓመቱን ሙሉ የእናቷን ሐዘን ተሸክማ ከስታ ነበር። ባሏ እሸቴ ኤደን ፕሬሪ ከሚሠራበት መጋዘን ፈቃድ አላገኘም። ልጇ ዮናስ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ከሽማግሌዎች ጋር በቪላ መዞር አላማረውም። «አይም ጉድ፣ ማም» አላት፤ ይቅርብኝ ማለቱ ነው። «ሐይቅ ዳር እንዳትሄድ፤ ዋና አትችልም» አለችው። ሳቀባት። እናቷ ካለፈች ወዲህ በዚህ ምድር ላይ የሷ የሚባሉት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ትብለጽ ቪላውን ካቆሙበት ካምፕ ቢሮ አጠገብ ካለው የሕዝብ ስልክ ደውላ ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሏል። ፀዳለን በክንዷ ይዛ ከልብስ ማጠቢያው ቤት ጀርባ ወሰደቻት።

«ነጋሲ ሞተ» አለች።

ነጋሲ የጋሽ ፍረዝጊ ታላቅ ወንድም ነው። አስመራ ነው የሚኖረው፤ አባት ሆኖ ያሳደገው እሱ ነው።

«ማን ነገረሽ?»

«ቀጀላ። ሽማግሌዎቹ ነገ ጎህ ሲቀድ ቤት ይጠብቃሉ። እስከዚያ አንዳች ሳይሰማ አምጡት ብሎኛል።» ትብለጽ እጇን ማሳረፊያ አጣች። «እኔ አልችልም ፀዱ። ፊቴ ያሳብቅብኛል። አንቺ ያዢልኝ።»

ፀዳለ አዘነች፤ እውነት አዘነች። ነገር ግን ከሐዘኑ ሥር ሌላም ነገር ነበር፤ ብናገረው ነውር የለውም። እንደምትፈለግ ስታውቅ ወገቧ ቀና ይላል። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች እንደሚባለው፣ የእናቷን ሐዘን እዚያው ማጠቢያው ቤት ጀርባ ትታ ወደ ሥራዋ ገባች። «እንባሽን ጥረጊ» አለቻት ትብለጽን። «ከአሁን ጀምሮ እኔን ብቻ እዪ።»

ከዱሉዝ ቤት ሦስት ሰዓት ነው። የካምፑ ኪራይ በዚያው ቀን ያበቃ ነበርና መነሳታቸው አይቀርም። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ቢነሱ ገና ሳይጨልም ይደርሳሉ፤ ሰፈር ውስጥ አንድ የማይጠነቀቅ ሰው «እግዚአብሔር ያጽናህ» ብሎ ነገሩን ሁሉ ያበላሸዋል። ስለዚህ የሦስቱን ሰዓት መንገድ እስከ ንጋት መጎተት አለባት። ሾፌርን መንገድ ላይ የሚያቆመው ደግሞ ቤንዚን ነው። ችግሩ፣ ይሄኛው ሾፌር ጋሽ ፍረዝጊ ነው። ታንኩ ውስጥ ሃያ ዘጠኝ ጋሎን አለ፤ ሃያ ዘጠኝ በስምንት ቤት አድርሶ ይተርፋል፤ ይህን ሳትጠይቀው ይነግራታል። ስለዚህ ከመነሳታቸው በፊት የምትሟገትበትን ሁሉ አዘጋጀች። መርፌው ተበላሽቷል ትለዋለች። ድንገት መንገድ ቢዘጋስ ትለዋለች። ግድ ከሆነ ታለቅሳለች።

ክሎኬ ሲደርሱ፣ «ጋሼ፣ መርፌው ወርዷል፤ እዚህች እንሙላ በናትህ» አለች።

«እሺ» አለ።

ፍሬቻ አብርቶ ገባ። የዋጋው ሰሌዳ አንድ ዶላር ከሠላሳ አንድ ይላል። ቀና ብሎ አየው፣ ወርዶ ሃያ ስምንት ጋሎን ቀዳ። ፀዳለ ያዘጋጀችው ክርክር አፏ ውስጥ ቀረ። እግዜር ሲረዳ እንዲህ ነው አለች በልቧ። ወይ ደግሞ አርጅቷል።

መንገዱ ወደ ደቡብ ይወርዳል፤ ግራና ቀኙ ጥድና ሐይቅ፣ ሐይቅና ጥድ ነው። ሐይቆቹ ላይ ጉም መቀመጥ ጀምሯል። ጋሽ ፍረዝጊ ሲነዳ ማውራት የሚወድ ሰው ነው፤ የአሰብ መንገድ ወሬው አያልቅም። ዛሬ ዝም ብሏል። ሬዲዮውንም አልከፈተም። ፀዳለ ወሬ ትጀምርለታለች፣ እሱ «አዎ» ይላል፣ ወሬው ይሞታል። ትብለጽ ከኋላ፣ ትንሿ ጠረጴዛ ጋ ተቀምጣለች። ፀዳለ በመስተዋቱ ባየቻት ቁጥር ዓይን ለዓይን ይጋጫሉ። እኔን ብቻ እዪ ብያት የለ፣ አለች ፀዳለ።

ሂንክሊ ላይ እንደገና ቆሙ። አሁንም «እንሙላ» አለች፣ አሁንም «እሺ» አለ። ሰባት ጋሎን ብቻ ነበር የገባው። ፀዳለ የስልክ ሳጥኑን ስታይ ቤቷ ትዝ አላት። እሸቴ ራት በልቶ ይሆን? ዮናስ ወጥቶ ይሆን? ሳንቲም ስትፈልግ ትብለጽ ደረሰችባት።

«እኔ እደውልልሻለሁ። አንቺ እሱን ያዢ፤ ስልኩ ጋ እንዳይመጣ።»

ልክ ነች። የራሷ የፀዳለ ሕግ ነው። ተመልሳ ፓምፑ ጋ ከጋሽ ፍረዝጊ አጠገብ ቆመች። ቁጥሮቹ እየተሽከረከሩ ነው፤ እሱ ግን አያያቸውም። ዓይኑ ቀልቷል።

«ምነው ጋሼ?»

«ቤንዚኑ ነው» አለ፣ በእጁ ጀርባ ጠረገው።

ትብለጽ ተመለሰች። «ደኅና ናቸው፤ ሰላም ብለውሻል» አለች። ይህን ስትል እያየች የነበረው መሬት ነው።

ኖርዝ ብራንች ላይ አራት ጋሎን ገባ። ጋሽ ፍረዝጊ የተመለሰለትን ሳይቆጥር ኪሱ ከተተው። ትብለጽ ለፀዳለ ሻይ ገዝታ አመጣች። ሳንድዊች አመጣች። ከቁም ሳጥኑ ጋቢ አውጥታ ትከሻዋ ላይ ደረበችላት፣ ጫፉንም እንደ ሕፃን ልጅ አንገቷ ሥር አጠፈችው። ሞኝ፣ አለች ፀዳለ በልቧ፤ እሱን ተንከባከቢ እንጂ እኔን ምን ታደርጊኛለሽ፣ ታስነቂብናለሽ እኮ። በዓይኗ ወደ ሰውየው ጠቆመቻት። ትብለጽ አልገባትም፣ ወይም ያልገባት መሰለች።

ከኖርዝ ብራንች ከወጡ በኋላ ነው አንድ ነገር ፀዳለን የቆረቆራት። ቪላው በጣም እያዘገመ ነው። ሰባ ማይል በሚነዳበት ሀይዌይ ላይ አርባ አምስት ይሄዳሉ። ትልልቅ ጭነት መኪናዎች ጡሩንባ እየነፉ ያልፏቸዋል፤ ባለፉ ቁጥር ቪላው ይንቀጠቀጣል፣ ምድጃው ላይ ያለው ክዳን ይንጫጫል። እሷ ቀስ በል ልትለው አስባ ነበር። ገና አላለችውም።

ፎረስት ሌክ ሲደርሱ ጨልሟል። ከዚህ ቤት ሠላሳ ማይል አይሞላም። ፀዳለ ምን ምክንያት እንደምትሰጥ እያሰላሰለች ሳለ ፍሬቻው መብራት ጀመረ፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ጋሽ ፍረዝጊ መሪውን ወደ ቀኝ ያዞራል።

«ቤንዚን እንጨምር» አለ።

እሷ ምንም አላለችም ነበር። እሱ ነው ያለው።

ወርዶ ክዳኑን ሲከፍት በስፖኪዮው አየችው። ቧንቧውን ከተተ፤ ሁለት ጋሎን ከምናምን እንደገባ ፓምፑ ቀጭ ብሎ ቆመ። ሞልቷል። ጋሽ ፍረዝጊ እንደገና ጨመቀው፤ ቀጭ አለ። እንደገና። ቀጭ። ቤንዚኑ ገንፍሎ በቪላው ጎን ወረደ፣ ጫማው ላይ ፈሰሰ። ጠብታ ሲወድቅበት እንደ ልጅ የሚቆጨው ሰው፣ ጫማው እስኪርስ ቆሞ መጨመቁን ቀጠለ። ሥራ የያዘ ለመምሰል እንጂ ታንኩ ሌላ አይቀበልም።

ያን ጊዜ ገባት።

ጋሽ ፍረዝጊ ወንድሙ ሞቶበት ሳያውቅ የሚጎተት ባለመርዶ ቢሆን ኖሮ ክሎኬ ላይ ይሟገታት ነበር። ሂንክሊ ላይ ይጮህባት ነበር። ፍረዝጊ ነዋ። «እሺ» ያለው መርዶው የማን እንደሆነ ስለሚያውቅ ነው። እሷ እሱን ስትጎትት እሱም እሷን ሲጎትት ነው የዋሉት። ነጋሲ አልሞተም፤ አስመራ ውስጥ ይሄኔ በሰላም ተኝቷል። ስልኩ፣ ጋቢው፣ ሻዩ፣ «እኔ እደውልልሻለሁ»፤ ሁሉም የሷው ዘዴዎች ናቸው፣ ራሷ ያስተማረቻቸው። ፀዳለን ማታለል አይቻልም፤ ይሄን ጋሽ ቀጀላ ያውቃል። ሥራ መስጠት ግን ይቻላል። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ሲባል ትሰማ ነበር፤ ቁናው የሷ ቤት ይመጣል ብላ አስባ አታውቅም።

እናቷ ሞታለች። የቀሯት ሁለት ናቸው።

ጋሽ ፍረዝጊ ተመልሶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። የቤንዚን ሽታ ቪላውን ሞላው። «ዓይኔ ደከመኝ፤ እዚሁ ፓርክ አድርገን እንደር» አለ። ከገዛ ቤታቸው አርባ ደቂቃ ርቀት ላይ፣ ታንካቸውን ሞልተው።

«እንደር» አለች ፀዳለ።

መጠየቅ ትችል ነበር። ትብለጽን አንገቷን ይዛ ብትጠይቃት አንድ ደቂቃ አትቋቋማትም። አልጠየቀችም። ካልጠየቀች እስከ ንጋት ሁለቱም አሉ። እሸቴ ሶፋው ላይ ጫማውን ሳያወልቅ ያንጎላጃል፤ ዮናስ ማቀዝቀዣውን ከፍቶ ቆሞ ያያል፤ እሷ ካልጠየቀች።

ከሾፌሩ ወንበር በላይ ያለችው አልጋ ላይ ወጥታ ጋደም አለች። ትብለጽ ከታች ያንቀላፋች መስላ ትተነፍሳለች። ጋሽ ፍረዝጊ ደጅ ደረጃው ላይ ተቀምጧል፤ ሲያስል ይሰማታል። ፀዳለ ልትጸልይ አፏን ከፈተች። ምን ብላ ትጸልይ? የሆነው ሆኗል። ግን ሰው ምን ጊዜም ሰው ነው፣ ልብ የራሷን ትናገራለች። እሸቴ ይሁን፣ አለች። አምላኬ ሆይ፣ እሸቴ ይሁን። በክረምት በበረዶ ቀድሟት ወጥቶ መኪናዋን የሚያሞቅላትን ሰው፣ ሃያ ዓመት አብሯት የኖረውን ሰው፣ በአንድ ቃል ሰጠችው። ወዲያው ደነገጠችና አላልኩም አለች፤ አላልኩም፣ አላልኩም። ብላለች ግን። የጸለዩት አይመለስም።

ሰማዩ ሳይገርጣ ጋሽ ፍረዝጊ ሞተሩን አስነሳ። ፀዳለ ወርዳ ጋቢዋን ተከናንባ ከጎኑ ተቀመጠች። ማንም «እንዴት አደርሽ» አላላትም። ሐይቆቹ ላይ ያለው ጉም አስፋልቱ ድረስ መጥቷል፤ ከመብራቱ ፊት ሌላ የሚታይ የለም። ሠላሳ አምስት ደብልዩ የሚባለውን ሀይዌይ ይዘው ወረዱ። የስድስት ዘጠና አራት መገንጠያ ሲደርስ ወደ ቀኝ ከታጠፈ ብሩክሊን ሴንተር ነው፣ የነሱ ቤት። አልታጠፈም። ቀጥ ብሎ ወደ ፊሊፕስ፣ ወደሷ ሰፈር ነዳ። ከኋላዋ የትብለጽ እጅ መጣና ትከሻዋ ላይ ተቀመጠ።

«ጋሽ ፍረዝጊ» አለች ፀዳለ፤ «ታንኩ ስንት ይዟል?»



«አላውቅም» አለ።

የሰፈሯ መንገድ ላይ መኪናዎች ግራና ቀኝ ተደርድረዋል። የብዙዎቹን ባለቤቶች ታውቃለች፤ ራሷ እየደወለች በሌሊት ስታስነሳቸው የኖረች ናት። ሣሩ ላይ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ጋሽ ቀጀላ ባርኔጣውን በእጁ ይዟል። የሚንቀሳቀስ የለም፤ ሁሉም ቪላውን ያያል። ቪላው ማዝገም ጀመረ።

ፀዳለ ወደ በሩ አላየችም። ዓይኗን የነዳጁ መርፌ ላይ ተከለች። መርፌው ሙሉ ላይ ቆሟል፤ የሠላሳው ማይል መንገድ እንኳ ያወረደው አይመስልም። አራት መቶ ማይል አላቸው። ወደ ሰሜን ቢዞሩ ዱሉዝን አልፈው ካናዳ ድንበር ይደርሳሉ። አራት መቶ ማይል ሙሉ ሁለቱም በሕይወት አሉ።

«ጋሼ፣ አትቁም» አለች። «እለፍ።»

ጋሽ ፍረዝጊ አላያትም፤ ለምን አላለም። እግሩን ከፍሬኑ አነሳ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን አዙረው ሲያዩ ቪላው በፊታቸው አለፈ፣ ጥጉ ላይ ታጠፈ፣ ሰፈሩን ዞሮ ተመለሰ። እንደገና «እለፍ» አለችው። አለፈ። ትብለጽ ከኋላ አፏን በነጠላዋ ይዛ ታለቅሳለች። ቤንዚን በጠብታ የሚቆጥረው ሰው በዚያ ጠባብ መንገድ ያን ትልቅ ቤት ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ አዞረላት፤ ቀኑን ሙሉ ብትለውም ያዞርላት ነበር። በአምስተኛው ፀሐይ ወጣች። ጣሪያዎቹ ላይ ብርሃን አረፈ፣ የወፎች ድምፅ ተሰማ፣ ከጎረቤት አንድ ፈረንጅ ለሥራ ወጥቶ ሰዉን ሁሉ እያየ በሩ ላይ ደርቆ ቀረ።

«በቃ» አለች። «አቁም።»

አቆመ። ጋቢዋን ከራሷ ላይ አወረደች፣ አጠፈችው፣ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ቀና ብላ ቤቷን አየች።

በሩ ላይ ብቻውን የቆመው እሸቴ ነበር።